ብሩስ የሚባሉት ሰዎች

ልጅ ሳለሁ «ብሩስ» ሲባል ትዝ የሚለኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ብሩስ ሊ። ሰፈራችን ውስጥ እሱን ለመምሰል እግሩን ወደ ላይ የማይወረውር ልጅ አልነበረም። ቆይቶ ትምህርት ቤት ውስጥ ጎንደር የመጣውን፣ ግሽ ዓባይ ድረስ የሄደውን ጄምስ ብሩስን ተማርን። ካደግኩ በኋላ ደግሞ የእንስሳት ሐኪም የሆነ ጓደኛዬ ስለ አንድ የከብት በሽታ ሲያወራ ሰማሁ። ብሩሴሎሲስ ይባላል። «ስሙ ከየት መጣ?» አልኩት። «ብሩስ ከሚባል ሐኪም» አለኝ። የጎንደሩ ብሩስ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ሌላ ብሩስ ነው።

ከዚያ በኋላ ስሙን መከታተል ያዝኩ። አንድ ንጉሥ አገኘሁ። ከአቴንስ ቅርጻ ቅርጽ እያስነቀለ ወደ ለንደን የጫነ አምባሳደር አገኘሁ። የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ የአንታርክቲካ አሳሽ፣ በባርነት ተወልዶ የአሜሪካ ሴናተር የሆነ ሰው። ሁሉም ብሩስ ናቸው። ጥያቄዬ ቀላል ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ዘመዳሞች ናቸው? መልሱ ግን በአንድ ቃል የሚያልቅ አልሆነም። መጀመሪያ የስኮትላንድ የቤተሰብ ስም እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስም ሲቆም

በእኛ አገር ስም ከአባት ወደ ልጅ አንድ እርከን ብቻ ይወርዳል። አበበ ከበደ የሚባል ሰው አባቱ ከበደ ነው። የአበበ ልጅ አልማዝ አበበ ትባላለች። የአልማዝ ልጅ ደግሞ በባሏ ስም ይጠራል። በሁለት ትውልድ ውስጥ ከበደ ከስሙ ላይ ይወርዳል። ዝምድናውን የምንይዘው በስም ሳይሆን በመቁጠር ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ የእናትም የአባትም ወገን ይቆጠራል። ስሙ ይሄዳል፣ ቆጠራው ይቀራል።

በስኮትላንድ የቤተሰብ ስም የሚሠራው በተቃራኒው ነው። ስሙ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የተወለደ ሁሉ ያንኑ ይዞ ይቀጥላል። ስምንት መቶ፣ ዘጠኝ መቶ ዓመት ሊሄድ ይችላል። ቆጠራው ግን መሃል ላይ ይጠፋል።

ይህ ነገር ውጭ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት አሁን እየሆነ ነው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ የገባ ሰው ቅጽ ላይ «የቤተሰብ ስም» ሲባል የአባቱን ወይም የአያቱን ስም ይጽፋል። ልጆቹ ያንኑ ስም ይዘው ይወለዳሉ፤ የልጅ ልጆቹም እንዲሁ። የአንድ አያት ስም እዚያ ቅጽ ላይ ቆመ ማለት ነው። በብሩሶች ላይ ይህ የሆነው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ስሙ የሚነሣበት ምክንያትም አንድ ዓይነት አይደለም። «ማክ» ብለው የሚጀምሩት የስኮትላንድ ስሞች ከአባት የተወሰዱ ናቸው። «ማክ» በጌሊክ ቋንቋ «ልጅ» ማለት ነው። ማክዶናልድ የዶናልድ ልጅ ነው፤ የእኛን «ወልደ» ያስታውሳል። ስቱዋርት የሚለው ስም ደግሞ ከሹመት ነው የመጣው። የቤቱ አባቶች የንጉሡ ቤት አዛዦች ነበሩ፤ ሹመቱ በውርስ ሲተላለፍ ቆይቶ ስም ሆነ። ሌሎች ስሞች ከቦታ ተወሰዱ። ብሩስ ከእነዚህ ነው።

ቦታው ስኮትላንድ ውስጥ እንኳን አይደለም። በሰሜን ፈረንሳይ፣ በኖርማንዲ፣ ሸርቡር ከሚባለው ወደብ አጠገብ ዛሬ ብሪ፣ በጥንት ሰነዶች ግን ብሩዊስ የምትባል መንደር አለች። ቤተሰቡ ከዚያ ስለመጣ በፈረንሳይኛ «ደ ብሩስ» ተባለ፤ «የብሩስ» እንደማለት። «ደ» የሚለው ቃል የግዕዙን «ዘ» ሥራ ነው የሚሠራው። ተክለ ሃይማኖት ዘደብረ ሊባኖስ እንደምንለው ማለት ነው። ዘመን ሲያልፍ ሰው ቃሉን ረሳና በእንግሊዝኛ «ዘ ብሩስ» ማለት ተጀመረ። እኛ ያንን በፊደላችን «ሮበርት ዘ ብሩስ» ብለን ስንጽፍ በአጋጣሚ የጥንቱን ትርጉም እንመልሰዋለን። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው «ሮበርት የብሩስ» ብሎ ቢያነበው ልክ ነው። ይህን ሳገኝ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ባለ ጉልቱና ንጉሡ

የመጀመሪያው ሮበርት ደ ብሩስ በእንግሊዙ ንጉሥ በሄንሪ 1ኛ ዘመን ትልቅ ሰው የሆነ ኖርማን ባላባት ነው። የስኮትላንዱ ንጉሥ ዴቪድ 1ኛ በ1124 ገደማ አናንዴል የሚባለውን የደቡብ ስኮትላንድ ሸለቆ ሰጠው። ጉልት ሰጠው ብንል ነገሩን በደንብ ይገልጸዋል። ሰውየው እንግሊዝ ውስጥም ሰፊ መሬት ነበረው። ሁለት ንጉሥ፣ ሁለት ታማኝነት። በ1138 ሁለቱ አገሮች ሲዋጉ አባት በእንግሊዝ በኩል፣ ታናሽ ልጁ በስኮትላንድ በኩል ተሰለፉ። አናንዴል ለልጁ ቀረ። የስኮትላንድ ብሩሶች ከዚያ ይቀጥላሉ።

ከዚህ በኋላ ያሉት ሮበርቶች ስለሚበዙ አንባቢ ይምታታል። የሚጠቅመንን ብቻ ልንገራችሁ። በ1290 የስኮትላንድ ዙፋን ወራሽ የነበረችው ሕፃን ልጅ ሞተች። ከአሥር በላይ ሰዎች «ለእኔ ይገባል» አሉ። አንዱ የአናንዴሉ ጌታ ሮበርት ብሩስ ነበር። የዙፋን መብቱ የመጣው በእናቱ በኩል ነው። ዳኛ የሆነው የእንግሊዙ ኤድዋርድ 1ኛ በ1292 ለጆን ቤሊዮል ፈረደ። ሽማግሌው ብሩስ በ1295 ሞተ። ይገባኛል ማለቱ ግን ለልጅ ልጁ ተላለፈ።

የልጅ ልጁ ነው ዛሬ ሐውልት የቆመለት። በ1274 ተወለደ። እናቱ ማርጆሪ የካሪክ ባላባት ነበረች፤ የጌሊክ ተናጋሪዎች አገር ሴት። አባቱ የኖርማን ዘር ነው። ስለዚህ የስኮትላንድ ትልቁ አርበኛ ስሙ ከፈረንሳይ፣ ግማሽ ዘሩ ደግሞ ከአገሩ ነው።

ሥልጣን የያዘበት መንገድ ንጹሕ አልነበረም። በፌብሩዋሪ 10 ቀን 1306 ተቀናቃኙን ጆን ኮሚንን ደምፍሪስ በሚባል ከተማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገደለ። የሮማው ጳጳስ አወገዙት። ስድስት ሳምንት ያህል ቆይቶ የስኮትላንድ ነገሥታት በሚነግሡበት በስኮን ላይ ዘውድ ጫነ። ወንድሞቹ ኒል፣ ቶማስና አሌክሳንደር በእንግሊዞች ተገደሉ። ሚስቱና ልጁ ተማረኩ። ንጉሡን በወግ ዙፋን ላይ ያስቀመጠችው ኢዛቤላ የምትባል ባላባት በበርዊክ ቤተ መንግሥት በእንጨትና በብረት ቀፎ ውስጥ ታሰረች። እህቱ ሜሪም በሮክስበርግ እንዲሁ። ብዙ ጊዜ የድሉ ታሪክ ይወራና እነዚህ ሴቶች ይዘለላሉ። ስሙን ውድ ያደረጉት ግን እነሱም ናቸው።

ሸረሪት ድሯን ደጋግማ ስትሠራ አይቶ ተስፋ አልቆረጠም የሚባለውን ብዙዎቻችን ሰምተናል። እሱ ንጉሡ ከሞተ ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቶ የተጻፈ ተረት ነው። የተረጋገጠው ጁን 1314 ነው። ስተርሊንግ አጠገብ ባኖክበርን ላይ ከእሱ ሠራዊት በብዙ የሚበልጠውን የእንግሊዝ ጦር አሸነፈ። ወንድሙ ኤድዋርድ ወደ አየርላንድ ተሻግሮ «የአየርላንድ ንጉሥ» ተባለ፤ በ1318 እዚያው በጦርነት ሞተ። እንግሊዝ የሮበርትን ንግሥና ያወቀችው በ1328 ነው። በቀጣዩ ዓመት ሞተ። ሰውነቱ ዳንፈርምሊን ተቀበረ። ልቡ ግን ወጥቶ ለጦር አበጋዙ ለጄምስ ዳግላስ ተሰጠ። በሕይወቱ ያልሄደበትን የመስቀል ጦርነት ልቡ እንዲሄድ ነበር ምኞቱ። ዳግላስ በ1330 ስፔን ውስጥ ተገደለ። ልቡ ወደ ስኮትላንድ ተመልሶ ሜልሮዝ ገዳም ተቀበረ።

አሁን ወደ ስሙ ጉዳይ እንመለስ። የሮበርት ወንድ ልጅ ዴቪድ 2ኛ በአምስት ዓመቱ ነገሠ። በ1346 በእንግሊዞች ተማርኮ አሥራ አንድ ዓመት ታሰረ። በ1371 ልጅ ሳይወልድ ሞተ። የብሩስ ስም ከዙፋኑ ላይ በሁለት ንጉሥ አለቀ። ደሙ ግን አላለቀም። ሮበርት ማርጆሪ የምትባል ሴት ልጅ ነበረችው። ዋልተር ስቱዋርትን አገባች፤ በ1316 ወንድ ልጅ ወለደች። ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ልጇ ሮበርት 2ኛ ተብሎ ነገሠ፤ የቤተሰብ ስሙ ግን ስቱዋርት ነው። ዛሬ እንግሊዝ ዙፋን ላይ ያለው ቻርልስ 3ኛም ዘሩ ወደ ማርጆሪ ይደርሳል። የንጉሡ ደም ያለባቸው ብሩስ አይባሉም።

ብሩስ የሚባሉትስ? በ1359 ዴቪድ 2ኛ ክላክማናን የሚባለውን መሬት ሮበርት ብሩስ ለተባለ ሰው ሰጠ። በሰነዱ ላይ «ውድ ዘመዳችን» ይለዋል። በየት በኩል ዘመድ እንደሆነ አልተጻፈም። ከዚያ በኋላ የመጡት ባላባት ብሩሶች በአብዛኛው ከዚህ ሰው የወረዱ ናቸው። አንዲት ቃል፣ «ዘመዳችን»፣ ያን ሁሉ ቤት ተሸክማለች። ለዘመናት ቤቱ ይህን አምኖ ኖረ። በ1787 የክላክማናን የመጨረሻዋ እመቤት ካትሪን ብሩስ፣ ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኗት፣ የንጉሡ ነው የሚባለውን ሰይፍ አንሥታ አንድ ወጣት ገጣሚ ትከሻ ላይ በማሳረፍ በወጉ መሠረት ማዕረግ ሰጥታዋለች። ማዕረግ መስጠት የነጋሢ መብት ነው። እሷ ግን መብቱ እንዳላት ቅንጣት አልተጠራጠረችም።

ጎንደር ላይ ያዕቆብ የተባለው

የእኛ ብሩስ ከዚህ ቤት ቅርንጫፍ ነው። ጄምስ ብሩስ ዲሴምበር 14 ቀን 1730 ኪኔርድ በሚባል ርስት ተወለደ። ከንጉሡ ጋር ባለው የስም ዝምድና እጅግ ይኮራ ነበር። ነገር ግን የአባቱ አባት ሄይ የሚባል ቤተሰብ ልጅ ነው። ይህ አያት የኪኔርድን ርስት የወረሰችውን ሄለን ብሩስን አገባ። ርስቱ የእሷ ስለሆነ ልጆቹ በእሷ ስም ብሩስ ተባሉ። በእኛ አቆጣጠር፣ በአባት በኩል ከሄድን፣ ጄምስ ሄይ ነው። ስም መሬትን ተከትሎ ይሄዳል የምለው ይህን ነው።

ጄምስ የወይን ነጋዴ ሆኖ ጀመረ። ሚስቱን ባገባት በወራት ውስጥ፣ በ1754፣ በሳንባ በሽታ አጣት። ከዚያ በኋላ ቤት መቀመጥ አልቻለም። ዓረብኛ ተማረ፣ ግዕዝም ሞከረ። በአልጀርስ ቆንስል ሆነ። ሶሪያንና ግብፅን ዞሮ በሴፕቴምበር 1769 ምጽዋ ደረሰ። በአክሱም በኩል አድርጎ በፌብሩዋሪ 1770 ጎንደር ገባ።

ዘመኑ ክፉ ነበር። ዐፄ ተክለ ሃይማኖት 2ኛ ወጣት ነበሩ፤ ሥልጣኑ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነው። ከተማው ውስጥ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። ብሩስ ቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ የታመሙትን አከመ። የራስ ሚካኤል ባለቤት ወይዘሮ አስቴር ወዳጁ ሆነች። ከሐኪምነት አልፎ ሹመት አገኘ።

በዚያ ግቢ «ብሩስ» የሚለው ስም ምንም አልሠራለትም። ስድስት መቶ ዓመት የተከበረ ስም ለጎንደር ሰው ባዶ ድምፅ ነው። የተጠራው ያዕቆብ ተብሎ ነው። ፈጠራ አይደለም፤ ጄምስ የሚለው የእንግሊዝኛ ስም ራሱ ያዕቆብ ነው፣ በላቲን በኩል ዞሮ የተለወጠ። እኛ ዘንድ ሰው በራሱ ስም ስለሚጠራ የቤተሰብ ስሙ ምጽዋ ላይ ቀረ፤ የራሱ ስም ግን ወደ ጥንቱ ተመለሰ።

እቴጌ ምንትዋብ የተናገሩትን በመጽሐፉ ጽፎታል። አሳባቸው እንዲህ ነው። አንተ ኢየሩሳሌምን አልፈህ፣ በስንት ክፉ አገር ተጉዘህ፣ ተሸክመኸው የማትሄደውን ወንዝና ረግረግ ለማየት መጣህ። እኔ የነገሥታት እናት ደግሞ የምመኘው ኢየሩሳሌም ሄጄ በጎልጎታ ደጅ መለመን ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እቴጌይቱ ከፊቴ የተቀመጡ ይመስለኛል።

ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ። ደስታው ልክ አልነበረውም። የመጀመሪያው አውሮፓዊ ነኝ አለ። ይህ እውነት አይደለም። የስፔኑ ተወላጅ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እዚያው ቆሟል። ብሩስ ይህን ያውቅ ነበር፤ ግን አልቀበልም ብሎ ተከራከረ። ከዚህ የባሰም አለ። ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ አብሮት ግሽ ድረስ ሄዷል። ሥዕሎቹን የሠራው እሱ ነው። በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በመጽሐፉ ሰውየው ከጉዞው በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈ። ለራሱ ስም ያን ያህል የሚጨነቅ ሰው የባልደረባውን ስም ከታሪክ መፋቁ በጣም ያሳዝነኛል።

ያመጣው ነገር ግን ትልቅ ነው። ከጎንደር ብዙ የብራና መጻሕፍት ይዞ ሄደ። ከእነሱ ውስጥ የመጽሐፈ ሄኖክ ሦስት ቅጂዎች ነበሩ። ይህ መጽሐፍ ሙሉውን ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው። አውሮፓ ጠፋ ብላ ትፈልገው ነበር፤ የእኛ ካህናት ያነቡት ነበር። አንዱን ቅጂ ለፈረንሳይ ንጉሥ፣ ሌላውን ለኦክስፎርድ ሰጠ። በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ።

በ1774 ለንደን ሲመለስ ብዙ ሰው አላመነውም። ጥሬ ሥጋ ይበላል ማለቱ ብቻ ብዙዎችን አሳቀ። ተናዶ ወደ ርስቱ ገባ፤ መጽሐፉን በአምስት ቅጽ ያወጣው በ1790 ነው። ከዚያ በኋላ የመጡ ተጓዦች አብዛኛውን ነገር እውነት ሆኖ አገኙት። በ1794 እንግዳ ሴት ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ።

ሁለት ነገር ስሙን ይዘው ቀርተዋል። ዋጊኖስ የምንለው ተክል በሳይንስ ብሩሲያ ይባላል። ብሩስ ራስ ፊል በሚባለው ቆላ ተቅማጥ ሲይዘው የታከመው በዚህ ነው። በ1819 ፓሪስ ላይ ሁለት ኬሚስቶች አንድ መራራ መርዝ ከቅርፊት ለዩ። ቅርፊቱ የዚህ ተክል መሰላቸውና መርዙን ብሩሲን አሉት። ተክሉ ሌላ ነበር። ስሙ ግን እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው።

ዝንቡና ወተቱ

ጄምስ በመጽሐፉ ስለ አንድ ዝንብ በሰፊው ጽፏል። በዝናብ ወቅት ከብቱን ሁሉ ከጥቁር አፈር እያሳደደ ወደ አሸዋ ያሰድዳል ይላል። ስሙን «ዝንብ» ብሎ እንደኛው ጻፈው፤ በግዕዝም ጸልጸልያ። ይህ ዛሬ ቆላ ዝንብ የምንለው ይሁን አይሁን ብዙ አከራክሯል።

ከመቶ ዓመት በኋላ ሌላ ብሩስ ዝንቡን ያዘው። ዴቪድ ብሩስ በ1855 ሜልበርን ውስጥ ከስኮትላንዳውያን ወላጆች ተወለደ። ልጅ ሳለ ወደ ስተርሊንግ ተመለሱ። በኤዲንብራ ሕክምና ተማረና የጦር ሐኪም ሆነ። በ1894 ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ ዙሉላንድ ተላከ። ከብት ናጋና በሚባል በሽታ ያልቅ ነበር። በጭቃ ጎጆ ውስጥ ቤተ ሙከራ አቋቋመ። በከብቶቹ ደም ውስጥ የሚዋኝ ጥቃቅን ጥገኛ አገኘ። አስተላላፊው ቆላ ዝንብ መሆኑንም በሙከራ አሳየ። ጥገኛው በስሙ ትራይፓኖሶማ ብሩሲ ተባለ። የሰው እንቅልፍ በሽታን የሚያመጡት የእሱ ዝርያዎች ናቸው። እኛ አገር በዓባይ፣ በዴዴሳና በኦሞ ሸለቆዎች ከብት የሚፈጀው ገንዲ የዚሁ ቤተሰብ በሽታ ነው።

ከዚያ በፊት ማልታ ነበር። የእንግሊዝ ወታደሮች እዚያ ለወራት የሚሄድ የሚመለስ ትኩሳት ይይዛቸው ነበር። ላብ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ድካም። በ1887 ብሩስ ከሞቱ ወታደሮች ጣፊያ ያገኘውን ባክቴሪያ ይፋ አደረገ። ከየት እንደሚመጣ ግን አላወቀም። ያንን በ1905 ያገኘው ቴሚስቶክሊስ ዛሚት የሚባል የማልታ ሐኪም ነው። የደሴቷ ፍየሎች ጤነኛ መስለው በሽታውን በወተታቸው ይሰጡ ነበር። በ1906 ወታደሮቹ የፍየል ወተት እንዳይጠጡ ተከለከለ። በሽታው ወዲያው ወረደ። ባክቴሪያው በኋላ ብሩሴላ ተባለ። ዛሚት ስሙ አልተያዘለትም።

ሜሪ ስቲልም አልተያዘላትም። የዴቪድ ሚስት ናት። ማልታም ዙሉላንድም በማይክሮስኮፕ ሥር የሚታየውን የሳለችው፣ ሙከራውን አብራ የሠራችው እሷ ነች። በኖቬምበር 1931 ሞተች። እሱም በአራተኛው ቀን ተከተላት።

ጓደኛዬ የነገረኝ በሽታ ይህ ነው። ላምን ያስወርዳል። በጥሬ ወተትና የወረደውን ጽንስ በባዶ እጅ በመንካት ወደ ሰው ይመጣል። ወተቱ ከፈላ ባክቴሪያው ይሞታል። አርብቶ አደሩ ጋ ጥሬ ወተት ምግብ ብቻ ሳይሆን እንግዳ የሚከበርበት ስለሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም ይላል ጓደኛዬ። እኔም አምነዋለሁ።

ኤልጊኖችና ሌሎች

የክላክማናን ቅርንጫፍ የሆኑት የኤልጊን መሳፍንት ለብቻቸው አንድ ጽሑፍ ይወጣቸዋል። ሰባተኛው ኤልጊን ቶማስ ብሩስ በኦቶማን ግዛት አምባሳደር ሳለ ከ1801 ጀምሮ ፓርተኖን የተባለውን የአቴንስ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ቅርጻ ቅርጾች አስነቀለ። በ1816 ለእንግሊዝ መንግሥት በ35,000 ፓውንድ ሸጣቸው። ግሪክ እስካሁን ትጠይቃለች። ልጁ ጄምስ ብሩስ ነው፤ የጎንደሩ አይደለም፣ በስም ብቻ ሞክሼ። የካናዳ ገዥ ሆኖ በ1849 አንድ ሕግ ሲፈርም የተቆጣ ሕዝብ ሞንትሪያል ውስጥ ፓርላማውን አቃጠለ። በ1860 ደግሞ ቤጂንግ አጠገብ ያለው የንጉሠ ነገሥቱ የበጋ ቤተ መንግሥት እንዲቃጠል ያዘዘው እሱ ነው። ከመቅደላ ስምንት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። የዚህ ሰው ልጅ ቪክተርም የሕንድ እንደራሴ ሆነ።

ዊልያም ስፒየርስ ብሩስ ከ1902 እስከ 1904 የስኮትላንድን የአንታርክቲካ ጉዞ መራ። ሎሪ በምትባል ደሴት ላይ የሠራውን የአየር ንብረት ጣቢያ ለአርጀንቲና ትቶ ሄደ። ጣቢያው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይዘጋ እስከ ዛሬ ይሠራል። ስታንሊ ብሩስ ከ1923 እስከ 1929 የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። በኋላ በመንግሥታት ማኅበር ምክር ቤት ከ1933 እስከ 1936 አገሩን ወክሎ ተቀመጠ፤ በ1936 ሰብሳቢም ሆኗል። የኢትዮጵያ አቤቱታ በቀረበበት ጠረጴዛ ዙሪያ አንድ ብሩስ ነበር ማለት ነው። የግማሽ ማዕቀብ ሐሳብን ይቃወም ነበር፤ ወይ ሙሉውን፣ ወይ ምንም። የተጣለው ግን ነዳጅ የሌለበት ግማሽ ማዕቀብ ነው።

ብሩስ ሊስ? እሱ ጋ ስሙ ሌላ ሥራ ነው የሚሠራው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች የንጉሡን ዝና እያሰቡ ልጆቻቸውን ብሩስ ማለት ጀመሩ። የቤተሰብ ስም የነበረው የተጸውዖ ስም ሆነ። በ1940 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከሆንግ ኮንግ ቤተሰብ የተወለደው ልጅ የእንግሊዝኛ ስም ሲወጣለት የደረሰው ይህ ነው።

ከሁሉም የማልረሳው ግን ብላንች ኬልሶ ብሩስን ነው። በ1841 ቨርጂኒያ ውስጥ በባርነት ተወለደ። እናቱ ፖሊ ትባላለች። አባቱ የባሪያ አሳዳሪያቸው ፔቲስ ፐርኪንሰን ነው። «ብሩስ» የመጣው ፖሊ ቀድሞ ከነበረችበት ጌታ፣ ሌሙኤል ብሩስ ከሚባል ሰው ነው። ከኖርማንዲዋ መንደር ተነሥቶ በአናንዴል በኩል የወረደው ስም እዚህ የደረሰው በደምም በጋብቻም አይደለም። ንብረት የነበረች ሴት የባለንብረቱን ስም ተሸክማ፣ ለልጇ ሰጠችው። ልጁ ማንበብ ተማረ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ወደ ካንሳስ አምልጦ ነፃ ወጣ፤ መምህር ሆነ። በ1869 ወደ ሚሲሲፒ ሄደ። በ1875 የአሜሪካ ሴኔት ገባ፤ ሙሉ ስድስት ዓመት ያገለገለ የመጀመሪያው ጥቁር ሴናተር ነው። በ1881 የግምጃ ቤቱ መዝጋቢ ሆኖ ተሾመ። የዚህ ሹም ፊርማ ያኔ በወረቀት ገንዘብ ላይ ይታተም ነበር። በዚያ ዘመን የአሜሪካን ዶላር የያዘ ሰው፣ ነጭም ሆነ ጥቁር፣ የቀድሞ ጌታም ሆነ የቀድሞ ባሪያ፣ ኖቱን አተኩሮ ቢያይ የሚያነበው «ቢ. ኬ. ብሩስ» የሚል ነበር።